ወለቴ ያልጻፈችው ቃል

በከተማው ታችኛው ሰፈር በሲቀላ፣ ከአንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር አንዲት ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና በፕላስቲክ የተሸፈነች የጽሕፈት መኪና ይታያሉ፤ ከመኪናዋ ጀርባ ደግሞ ወለቴ አለች። ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። ኮምፒውተር ቤቶች በየመንገዱ ከተከፈቱ በኋላ እንኳ ብዙ ሰው ወደ እሷ መሄዱን አልተወም፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ቤት የሚጽፈው የነገሩትን ነው። ወለቴ ግን መጀመሪያ ትጠይቃለች።

ማመልከቻ መጻፍ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ሰው የደረሰበትን ይናገራል፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች፣ አለቀ። ግን እንዲያ አይደለም። ከጨንቻ የወረደ ገበሬ የሚያስበው በጋሞኛ ነው፤ በደሉን በአማርኛ ሲናገር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ነጋዴ ታሪኩን ከአያቱ ይጀምራል። የተቆጣ ሰው ደግሞ ከመጨረሻው ይጀምርና መጀመሪያው ላይ ሳይደርስ ያለቅሳል። የወለቴ ሥራ ይህን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ገጽ ማድረግ ነው፤ መርማሪው ቆሞ ቢያነብባት እንኳ መዝገብ ሳይከፍት ሊመልሳት የማይችላት አንድ ገጽ።

አሠራሯ ሊታይ የሚገባው ነው። አንድ ጀርባው ንጹሕ የሆነ አሮጌ ወረቀት ትወስድና አምስት መስመር ታሰምርበታለች። ማን? ምን አደረገ? የት? መቼ? በምን? መስመሮቹ ሳይሞሉ መኪናዋን አትነካም። ከአምስቱ በጣም የምትወደው «በምን» የሚለውን ነው። «በዱላ» ያላትን ሰው እንዲሁ አትለቀውም። የምን እንጨት ነው? እስከ የትህ ይደርሳል? ጫፉ ምን ይመስላል? «ዱላ» የሚለው ቃል ብቻውን የትም ሊገኝ አይችልም፤ «የሁለት ክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ እጀታው በቆዳ የተሸፈነ የወይራ ዱላ» ግን ከአልጋ ሥር ተፈልጎ ይወጣል፣ መርማሪ ጠረጴዛ ላይም ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ስታገኝ ፊቷ እንደ ልጅ ይበራል።

ስድስተኛ መስመር የለም። «ለምን» የሚለው ጥያቄ ወረቀቷ ላይ ቦታ አልተሰጠውም። «‹ለምን› የመቺው ነው» ትላለች። «የተመታ ሰው ምን ያውቃል?»

ይህን ደንብ ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ዋጋ ከፍላ፣ ወይም በትክክል ለመናገር ሌላ ሰው ዋጋ ከፍሎበት ያገኘችው ነው።

በ1998 ዓ.ም. ዘካሪያስ የሚባል ልብስ ሰፊን ሁለት ሰዎች ሱቁ ገብተው ደበደቡትና፣ እሱ ወደ ወለቴ መጣ። የተመታበትን ምክንያት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ከወንድ ጋር ነው የሚኖረው ይሉታል። ወለቴ ያን ጊዜ በሥራው ገና አምስተኛ ዓመቷ ነበር፤ ሙሉ የሆነ ማመልከቻ ጥሩ ማመልከቻ ይመስላት ነበር። ስለዚህ የሰማችውን ሁሉ ጻፈች። «ግብረ ሰዶማዊ ነህ በማለት ደብድበውኛል» የሚለውንም ጨመረች። እንዲያውም በደሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታይ መስሏት ከፍ አድርጋ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስገባችው።

ጽሑፉን የተቀበለው ፖሊስ ከዚያች መስመር ወዲያ አላነበበም። «ነህ ወይስ አይደለህም?» አለው። አገሪቱ ውስጥ ድርጊቱ ራሱ በሕግ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ሊከስ የገባው ሰው ተጠርጣሪ ሆነ። ሁለት ቀን ታስሮ ማስረጃ ጠፍቶ ተለቀቀ፤ በሦስተኛው ቀን አቤቱታውን ተወ፤ በሳምንቱ የልብስ ስፌት መኪናውን ትቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሁለቱን ደብዳቢዎች አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቃቸውም።

የወለቴ ደግነት እዚህ ላይ ይታያል። «ጥፋቱ የፖሊሱ ነው» ብላ እጇን መታጠብ ትችል ነበር፤ ሐሰትም አይሆንባትም። እሷ ግን ያስቀረችውን የገጹን ቅጂ አውጥታ፣ መካኒክ የሞተ ሞተር እንደሚፈታ ቃል በቃል ፈታችው። ስህተቱንም አገኘችው። ሌሎቹ መስመሮች ሁሉ መቺዎቹ ስላደረጉት ነገር ይናገራሉ፤ ያቺ አንዲት መስመር ግን ስለ ተመቺው ማንነት ትናገራለች። አንባቢው ደግሞ የሚሮጠው ወደዚያችው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ለምን» ከወረቀቷ ተሰረዘ።

ስለ ነገሩ ራሱ ምን ታስባለች የሚል ካለ፣ ወለቴ እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት የማትቀር፣ መዘምራን ውስጥም የምትዘምር ሴት ናት፤ መጋቢው የሚሉትንም ሰምታለች። አንድ ጊዜ ይህንኑ ለጠየቀቻት ጓደኛዋ፣ «እግዚአብሔር ፍርዱን ለመንደር ጎረምሳ ማከራየቱን አልሰማሁም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አጵሎስ የመጣው በ2008 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው።

ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ግራ እጁን በእናቱ ነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ የላይ ከንፈሩ አብጧል፤ ሲናገር ከፊት አንድ ጥርስ እንደ ጎደለው ይታያል። በየቀኑ ማለዳ ጫሞ ሐይቅ ይወርዳል፣ ጀልባዎቹ ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ የተባለ አሣ በፒካፕ ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያም በላይኛው ሰፈር በሴቻ ለሆቴሎች አጥንት አልባውን ሥጋ፣ ፊሌቶውን፣ ያወጣል። ቢላዋው አጥንቱን እየታከከ ሲሄድ ማየት የሚያስደስታቸው አብሳዮች አሉ።

«ቁጭ በል» አለችው ወለቴ። «እዚያ አይደለም። ያኛው በርጩማ ይጥላል።»

«ይጣለኝ እትዬ። ለመውደቅስ ለምጄዋለሁ።»

«ቀልድ ካለህ አልሞትክም። ማን ላከህ?»

«ማንም። ትናንት ጣቢያ ገብቼ ነበር። ተረኛው ‹ምን አድርገሃቸው ነው?› አለኝ። ከዚያ ጓደኛውን እያየ ሳቀ። እኔም ወጣሁ።»

«ምን ብለኸው ነበር?»

«ገና አልተናገርኩም። ፊቴን ዓይቶ ነው።»

«እንግዲህ እኔ ፊትህን አልጽፍም» አለችና ወረቀቷን አወጣች። አምስቱን መስመር አሰመረች። «ማን መታህ?»

ሦስት ነበሩ። ሁለቱን በመልክ እንጂ በስም አያውቃቸውም። ሦስተኛው ጌዲዮን ነው፤ የጋሽ ካሱ ልጅ። አቶ ካሱ ሙዝ በሁለት የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ፣ በእድር ስብሰባ ከፊት ወንበር የማይጠፉ ሰው ናቸው። ወለቴ ስሙን ቀስ ብላ ጻፈችው።

«እትዬ» አለ አጵሎስ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «እነሱ የመቱኝ እኮ...»

«አልጠየቅኩህም።»

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። ነጠላውን አስተካክሎ ብድግ አለ። ወለቴ ወዲያው ገባት፤ ተጸይፋው መስሎታል።

«ቁጭ በል አልኩህ! አልጠየቅኩህም ያልኩህ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ገብቶኝ ነው። አንድ ጊዜ ጽፌው ሰው ጠፍቶብኛል። አሁን ስማኝ። ለመርማሪው አትዋሽ። አንዲት ቃል እንኳ። ነገር ግን ስለ ራስህ ልትመሰክር አልመጣህም፤ በእጅህ ላይ ስለ ደረሰው ነው የመጣኸው። የት መቱህ?»

ቁጭ አለ። ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው መንገድ፣ ጦጣዎች ከሚሰበሰቡበት ኩርባ በላይ። ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ጫፉ በሽቦ በተጠመጠመ የባሕር ዛፍ ዱላ። ባጃጆች ያልፉ ነበር፤ አንዱ ቆም ብሎ ዓይቶ ሄዷል። ሲመቱት ምን እያሉ ይጮኹ እንደ ነበር አልጠየቀችውም። የዛቱትን ግን ጠየቀችው፤ ዛቻ ራሱን የቻለ ድርጊት ነውና።

«‹ሰኞ ሴቻ ላይ ካየንህ ለአዞ ነው የምንሰጥህ› አሉኝ።»

«ቃሉ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ውጣና ሂድ ነው የሚሉኝ እትዬ። የት ልሂድ? እናቴ እዚህ ናት። ጀልባው ላይ ድርሻ አለኝ። የማውቀው አሣ ነው፤ አዲስ አበባ ሐይቅ የለ!»

የነገሩ ሁሉ ክብደት ይኸው ነበር። እስከ ሰኞ መዝገብ ተከፍቶ፣ እነዚያ ሦስት ሰዎች በስማቸው ተጠርተው፣ እጃቸው ከተያዘ አጵሎስ ከተማው ውስጥ ይኖራል። መዝገብ ካልተከፈተ እሑድ ማታ ሻንጣ ማሰር አለበት። መዝገብ ተከፍቶ ያቺ ቃል ከገባችበት ደግሞ ታሳሪው እሱ ሊሆን ይችላል።

«በቦርሳህ ውስጥ ምን ነበር?» አለች ወለቴ።

«የፊሌቶ ቢላዬ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «አወጣኸው?»

«አላወጣሁም።»

«ሦስት ሰው እየመታህ?»

«ስለት ነው እኮ እትዬ። በቀን መቶ አሣ የማወጣበት ነው። እሱ አንዴ ከወጣ ሰው እንደ አሣ ነው የሚሆነው።»

ወለቴ በደስታ ጠረጴዛዋን መታች። ይህች ዝርዝር ወርቅ ነበረች! ብዙ ጸሐፊ ቢላዋ የሚባል ነገር ከተበዳይ ማመልከቻ ውስጥ ያስወጣል፤ ያስፈራል ብሎ። እሷ ግን አስቀድማ ታየዋለች። የቢላዋውን ነገር መቺዎቹ ቀድመው ካነሡት «ሊወጋን ነበር» ይላሉ። አጵሎስ ቀድሞ ካነሣው ግን ስለት በጀርባው ተሸክሞ፣ እጁ እስኪሰበር ሳይመዝዝ የቀረ ሰው ነው። ያው አንድ ቢላዋ፣ ማን ቀድሞ እንደ ተናገረው ይለያያል።

መኪናዋን ገለጠች። ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ አጵሎስ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። ስታበቃ አነበበችለት፦

«ጥር 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቀኑ በግምት 11፡30 ሲሆን፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወስደው መንገድ በእግሬ ስወርድ፣ ጌዲዮን ካሱና ለጊዜው ስማቸውን የማላውቃቸው፣ ባያቸው ግን የምለያቸው ሁለት ሰዎች መንገድ ዘግተው፣ ክብሬን የሚነካ ስድብ እየሰደቡ፣ የአንድ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው፣ ጫፉ በሽቦ በተጠመጠመ የባሕር ዛፍ ዱላ ግራ ክንዴን መትተው ሰብረውኛል፤ በቦክስ አንድ የፊት ጥርሴን አውልቀውብኛል። በወቅቱ የሥራ መሣሪያዬ የሆነ ቢላዋ በቦርሳዬ ውስጥ የነበረ ሲሆን አላወጣሁትም። ሲሄዱም ‹ሰኞ ሴቻ ላይ ካየንህ ለአዞ ነው የምንሰጥህ› ብለው ዝተውብኛል።»

«ስድቡን አልጻፉትም» አለ።

«ስድብ መሆኑን ጽፌያለሁ። ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው የተናገረው ነው፤ ይጠየቃ!»

ማመልከቻ ጸሐፊ ጣቢያ ውስጥ ደንበኛ ተከትሎ መግባት የለበትም። ወለቴ ግን ያን ቀን ጠረጴዛዋን ለጎረቤቷ ለጫማ ጠጋኙ አደራ ሰጥታ ገባችና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የመርማሪው ክፍል በር ክፍት ነበር።

መርማሪው ሳጅን ፈቃደ ይባላል። ለማንም የማያዳላ፣ ለማንም የማያዝን፣ አንድ ነገር ብቻ የሚወድ ሰው ነው፦ ያለቀ መዝገብ። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«እትዬ ወለቴ!» አለ ከውስጥ ሆኖ፣ ማን እንደ ጻፈው ለማወቅ ፊርማ ሳያስፈልገው። «እዚህ ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል።»

«የጎደለው ጥርሱ ነው ሳጅን። አምስተኛው መስመር ላይ ተጽፏል።»

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። ወደ አጵሎስ ዞረ። «ለምን መቱህ?»

ኮሪደሩ ላይ ወለቴ ወደ ክፍቱ በር ዘንበል አለች።

«ሳጅን» አለ አጵሎስ፣ «እኔ ሲመቱኝ ቆጠርኩ እንጂ በልባቸው ምን እንዳለ አላየሁም። እነሱን ይጠይቁልኝ።»

ፈቃደ መዝገቡን ከፈተ፣ ቁጥር ሰጠው፣ ለሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ቀን ራጅ ተነሣ። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

አርብ ጠዋት ጌዲዮን ተጠራ። ያልታሰበው ነገር የሆነው ያኔ ነው። ወጣቱ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ገባ፤ የሚኮራበት ሥራ የሠራ መስሎታል። ፈቃደ አንዲት ጥያቄ ጠየቀው፤ አጵሎስን የጠየቃትን ያችኑ።

«ለምን መታኸው?»

«ቡሽቲ ስለሆነ ነዋ! ሦስት ሆነን ነው ያስተማርነው። ዱላውም ቤት አለ፤ ብትፈልግ አመጣልሃለሁ።»

ሳጅን ፈቃደ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው «እኔ አልነካሁትም» ሲለው የኖረ መርማሪ ነው። እንዲህ ያለ ቃል በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ነው የገጠመው። ቀና ብሎ አላየውም፤ ብዕሩን ብቻ አፋጠነ። መቼ? የት? ሌሎቹ ሁለቱ ማን ይባላሉ? ጌዲዮን ሁሉንም ተናገረ።

«ሲያደርግ ያየኸው ነገር አለ?» አለ ሳጅኑ በመጨረሻ።

«ማየት ምን ያደርጋል፣ ከተማው ሁሉ ያወራል!»

«የከተማውን ወሬ የምጽፍበት መዝገብ የለኝም። ዱላውን ግን እቀበልሃለሁ። እዚህ ጋ ፈርም።»

ልብ በሉ፤ ያቺ ቃል መዝገቡ ውስጥ ገባች። ወለቴ የፈራቻት ቃል። ግን የገባችው በመቺው አፍ፣ በመቺው ገጽ፣ ከመቺው ፊርማ በላይ ነው። ሰው ለምን እንደ ተጠቃ አንድ ቀን ማወቅ የሚፈልግ ቢኖር እዚያ አለችለት፤ ተጠቂውንም አትነካውም። ወለቴ ይህን ከራሱ ከሳጅኑ ሰማች። ደንቧን ያወጣችው ሰውን ከጉዳት ለማዳን ነበር፤ እውነቱንም ወደ ትክክለኛ ቦታው እንደሚመልሰው አላሰበችም ነበር።

ቅዳሜ ከረፋዱ ላይ የአጵሎስ እናት ጌጤ እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ መሬት ይጎትታል።

«ወለቴ፣ ድረሽልኝ! ሽማግሌዎች ሣር ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል!»

ጋሞ ምድር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ሰው ደጃፍ ከቆመ እርቅ እየለመነ ነው፤ ሣሩን የሚረግጥ ሰው ጎሜ ይደርስበታል። ጎሜ ማለት የተጣሰ ነገር ዕዳ ነው፤ በሰውየው ብቻ ሳይሆን በእርሻው፣ በከብቱ፣ በልጁም ላይ ይወድቃል ይባላል። ጌጤ ወንጌል ከተቀበለች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ጎሜን ግን አሁንም ትፈራለች።

ግቢው ውስጥ ሲደርሱ አምስት ሽማግሌዎች አረንጓዴ ሣር ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያሉት አቶ በዛብህ ናቸው፤ በደጋው ዱቡሻ፣ በሸንጎው አደባባይ ማለት ነው፣ አርባ ዓመት ነገር የፈረዱ ሰው። ከኋላቸው አቶ ካሱ እሳቸውም ሣር ይዘው፣ ከእሳቸው ጎን ጌዲዮን በዋስ ወጥቶ ቆሟል። ጎረቤቱ በሙሉ ከአጥር ላይ ተንጠልጥሏል። አቶ ካሱ በጠራራ ፀሐይ በመንደሩ መሃል ያለፉት ሆን ብለው ነው፤ የተከበረ ሰው በክብር ነገር ሲጨርስ ሰው እንዲያይ።

አጵሎስ ተቆጥቶ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይመላለስ ነበር። «ዱላውንም እነሱ፣ ሣሩንም እነሱ! አልወጣም እትዬ። ከወጣሁ መዝገቡን ዝጋ ሊሉኝ ነው።»

«በመስኮት እይ» አለችው። «ሣር የሚይዘው ማነው?»

«ሽማግሌ።»

«እና?»

«እና... የበደለ ወገን።»

«ካሱ በእጃቸው ምን ይዘዋል?»

አየ። ከአጥሩ ላይ ያሉትንም ጎረቤቶች አየ። እነሱም የሚያዩት አቶ ካሱን ነበር። እስከ ትናንት ድረስ መንደሩ የሚያወራው «ያ አሣ ሻጭ ምን ቢሆን ነው?» እያለ ነው። ዛሬ ወሬው ተገልብጧል፦ «የካሱ ልጅ ምን ቢያደርግ ነው ሣር የተያዘው?» አቶ ካሱ ነገር ሊሸፍኑ የመዘዙት ሣር ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ለመንደሩ በሙሉ አውጆባቸዋል። እሳቸው ብቻ ገና አላወቁትም።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ወለቴ። የሽማግሌ ልጅ ናት፤ ሥርዓቱን አባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ዓይታዋለች። «ሣሩን ከመቀበልህ በፊት የበደለው ቆሞ ጥፋቱን በአፉ መናገር አለበት። ጠይቅ። መብትህ ነው።»

አጵሎስ ወጣ። ጠየቀም።

አቶ በዛብህ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደንብ ነው። ጌዲዮን፣ ተናገር።»

አቶ ካሱ ቀደሙ። «አባቶቼ፣ ልጄ ቸኩሏል፤ አልክድም። ግን ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ከተማው ሁሉ...»

«ካሱ።» የሽማግሌው ድምፅ ከፍ አላለም። «ሣር ይዘሃል። ሣር የያዘ ሰው ይለምናል እንጂ አይከስም። መክሰስ ከፈለግህ ሣርህን ጣልና ወደ ቤትህ ሂድ።»

ከአጥሩ በላይ አንዲት ሴት «እሰይ» ስትል ተሰማ። አቶ ካሱ በእጃቸው ያለውን ሣር አዩት። ሊጥሉት አይችሉም፤ ይዘውም መናገር አይችሉም።

«መታሁት» አለ ጌዲዮን፣ አርብ ከነበረው ድምፅ ግማሽ በሆነ ድምፅ።

«በምን?» አሉ አቶ በዛብህ።

«በዱላ።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«ሦስት።»

«እሱስ ምን አደረገህ? አንተን፣ በእጁ?»

«ምንም» አለ ጌዲዮን።

«ዳግመኛ?»

«አልነካውም። ሌላ ሰውም እንዲነካው አልልክም።»

አጵሎስ በደኅና እጁ ሣሩን ተቀበለ። ጌጤ እልል አለች። አቶ ካሱ ወዲያው ወደ ወለቴ ዞሩ። «በይ እንግዲህ፣ አንቺም እዚሁ አለሽ። ክሱን ትቻለሁ ብለሽ ጻፊለትና መዝገቡ ይዘጋ።»

«ጋሽ ካሱ፣ እኔ የምጽፈው አመልካቹ የሚለኝን ነው» አለች ወለቴ። ከልቧ ነበር። አጵሎስ «ይዘጋ» ቢላት ልቧ እያዘነም ቢሆን ትጽፍለታለች፤ ሕይወቱ የእሱ ነው። ወደ እሱ ተመለከተች። «ምን ልጻፍ ልጄ?»

ልጁ ሣሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ታርቄያለሁ ብለው ይጻፉ» አለ። «ቂም የለኝም ብለው ይጻፉ። ይዘጋ ግን አላልኩም።»

«ታዲያ እርቁ ምኑ ላይ ነው!» ጮኹ አቶ ካሱ።

«ልቡ ላይ ነው» አሉ አቶ በዛብህ። «ሣር ቂም ይሸፍናል፤ የመንግሥትን መዝገብ እንዲሸፍን ግን ማንም አልላከውም። ና ካሱ፣ እንሂድ።»

ወለቴ ጠረጴዛዋ ድረስ እስክትመለስ አልታገሠችም። የጌጤን የውሃ ጀሪካን እንደ ጠረጴዛ አድርጋ በእጅ ጽሑፍ ጻፈችው፤ አራት መስመር ብቻ ነበር።

ሰኞ አጵሎስ ሴቻ ወጣ። በአንድ እጁ ፊሌቶ ማውጣት ስለማይችል አንድ አብሳይ አሣውን ያዘለት፤ እሱ በቀኙ ቢላዋውን አስኬደ። ማንም ምንም አላለውም። ኋላ ኋላ ያላሉት አልቀሩም፤ ከተማ ከተማ ነው፤ ከጀርባው የሚያፏጭ፣ ከእሱ አሣ መግዛት ያቆመም ሆቴል ነበር። ግን እጁን ያነሣበት አልነበረም።

ወለቴን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያሳስባታል። በዓመቱ መጨረሻ ጣቢያው በሚያወጣው ሠንጠረዥ ላይ የአጵሎስ ጉዳይ «ድብደባ» ከሚለው ሥር አንድ ቁጥር ሆኖ ገባ፤ በመጠጥ ቤት ከተጣሉትና በድንበር ከተደባደቡት ጋር። ሰው በማንነቱ የተመታው ምት የሚቆጠርበት ዓምድ የለም። የማይቆጠር ነገር ደግሞ የሌለ ይመስላል። እሷም የበኩሏን አስተዋጽኦ አድርጋለች፤ ዝም በማለት። ሳጅን ፈቃደ አንድ ቀን ሻይ ሲጠጣ ይህን ብትነግረው፣ «እትዬ፣ የጌዲዮን ቃል አራተኛው ገጽ ላይ አለ፣ የሚያነብ ይጥፋ እንጂ» አላት። አላረካትም። ግን ከመጥፋቱ ይሻላል ብላ ተቀበለችው።

ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ ወሰነ። አዳራሹ ይሞቃል፤ መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። ወለቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አጵሎስ ከፊቷ፣ ክንዱ ድኖ፣ ሸሚዙን ተኩሶ። ዳኛዋ ውሳኔውን በንባብ አሰሙ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ኩርባው፣ በሽቦ የተጠመጠመው የባሕር ዛፍ ዱላ፣ ያልወጣው ቢላዋ፣ ሁሉም በየተራው መጣ። እርቁ ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ተያዘ። ጌዲዮን ስምንት ወር እስራት ተፈረደበት፤ የሁለቱ ግብረ አበሮቹ ቅጣት በገደብ ተያዘ።

«የግል ተበዳይ አጵሎስ» አሉ ዳኛዋ አንድ ቦታ ላይ፤ ከዚያም ገጹን ገልጠው እንደገና፣ «የግል ተበዳይ»።

ሰባት ጊዜ አሉት። ወለቴ አልቆጠረችም፤ የቆጠረው አጵሎስ ነው፤ ሲወጡ ነገራት። በዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ስም ሲወጣለት እንደ ኖረ ያስታወሰ፣ ሌላም የሚናገረው ያለ መስሏት ልታዳምጠው ቆመች። እሱ ግን ሰዓቱን አየ።

«እትዬ፣ ዛሬ ሰው የላክሁበት ፒካፕ አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው» አለ። «በዚህ ሙቀት አሣው ይበላሽብኛል።»

ከዚያ ወደ ሴቻ የሚወጣ ሚኒባስ ለመያዝ በሩጫ መንገዱን ተሻገረ።